አውጥተሽ፣ አርመሽ፣ ስትመልሺ፦ ለአዲሷ የንብረት ኦፊሰር

ልጄ፣ ንብረት ክፍል መመደብሽን ሰማሁ። የመጀመሪያው ሥራሽም የመሥሪያ ቤቱን የቋሚ ንብረት ዝርዝር ከሲስተሙ አውጥቶ፣ በኤክሴል አርሞ፣ መልሶ መጫን እንደሆነ ነገሩኝ። አለቃሽ «የግማሽ ቀን ሥራ ነው» ብለውሻል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማውጣቱ አምስት ደቂቃ፣ መጫኑም አምስት ደቂቃ ነው። ጣጣው ያለው መሃሉ ላይ ነው። እኔ ካርድ በእጅ ከሚሞላበት ዘመን አንስቶ ባርኮድ እስከሚለጠፍበት ድረስ በዚህ ሥራ ላይ ስለቆየሁ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ቁጥር የሰጠሁት ስትፈልጊ ቶሎ እንድታገኚው ብቻ ነው፤ ክብደታቸው እኩል አይደለም። 1ኛውንና 5ኛውን ደግመሽ አንብቢ።

1. እያንዳንዱ ረድፍ የሰው ፊርማ አለበት።

ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑም ወንበሩም በተረከበው ሰው ስም ይቆማል። ያ ሰው ሲዛወር፣ ሥራ ሲለቅ ወይም ጡረታ ሲወጣ ክሊራንስ የሚፈረምለት ሲስተሙ ላይ ያለበትን ካስረከበ በኋላ ነው። ስለዚህ «ተጠቃሚ» በሚለው ኮለም ውስጥ አንድ ስም ስትለውጪ ከአንዱ ትከሻ ዕዳ አንስተሽ ሌላው ላይ መጫንሽ ነው። የዕቃ ዓይነት ስታርሚ፣ የክፍል ቁጥር ስታስተካክዪ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ስም ግን የርክክብ ሰነድ ሳታዪ እንዳትነኪ።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ጸሐፊ ጡረታ ልትወጣ ስትል «ሁለት ፕሮጀክተር አለብሽ» ተባለች። ሴትዮዋ ፕሮጀክተር ተረክባ አታውቅም። ነገሩ ሲጣራ ዝርዝሩን ያረመው ልጅ የስሞቹን ኮለም ብቻ መርጦ በፊደል ተራ ደርድሮታል፤ ዕቃዎቹ በነበሩበት ቀርተው ስሞቹ ብቻ ወጥተው ወርደዋል። መዝገቡ ላይ ሁሉም ነገር ሙሉ ነበር፦ የዕቃው ብዛት ልክ፣ የሰዎቹ ብዛት ልክ። የማን ምን እንደሆነ ብቻ ነበር የጠፋው። ይህ እስኪለይ ሴትዮዋ ደጅ ስትጠና ከረመች።

2. መጀመሪያ ያወጣሽውን ፋይል እንዳትነኪው።

እንደወጣ ቀኑን በስሙ ላይ ጽፈሽ፣ እንዳይጻፍበት ቆልፈሽ፣ ሌላ ቦታ አስቀምጪው። የምትሠሪው በቅጂው ላይ ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ የማያደርገውም ሁሉም ሰው ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ አንቺ ኤክሴሉን ስታርሚ ሲስተሙ አይተኛም። ሰኞ ዝርዝሩን አወጣሽ፤ ማክሰኞ ግምጃ ቤቱ አሥር ወንበር ለሒሳብ ክፍል አስረክቦ ሲስተሙ ላይ መዘገበ፤ ዓርብ አንቺ የሰኞውን ፋይል መልሰሽ ጫንሽ። አሥሩ ወንበሮች ወደ ግምጃ ቤት ተመለሱ ማለት ነው። ከመጀመርሽ በፊት ምዝገባ ለጥቂት ቀን እንዲቆም በጽሑፍ አስነግሪ። ካልተቻለ ሙሉውን ዝርዝር አትመልሺ፤ የመለያ ኮለሙንና በእውነት ያረምሻቸውን ኮለሞች ብቻ፣ ያረምሻቸውን ረድፎች ብቻ ይዘሽ ተመለሺ። የተሸከምሽው ባነሰ ቁጥር የምታበላሺውም ያንሳል።

3. መለያውን እወቂ።

በዝርዝሩ ላይ ቁጥር የሚመስሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ ፋብሪካው ዕቃው ላይ ያተመው ሲሪያል ነው። ሁለተኛው እናንተ የለጠፋችሁት የታግ ቁጥር ነው። ሦስተኛው ሲስተሙ ለራሱ የሰጠው፣ ብዙ ጊዜ ከዳር ባለው ኮለም ላይ ያለው ቁጥር ነው። ይሄን ሦስተኛውን አዳዲስ ሠራተኞች «ምን ይሠራል?» ብለው ይሰርዙታል። ፋይሉ ሲመለስ ሲስተሙ የትኛው ረድፍ የትኛው ዕቃ እንደሆነ የሚያውቀው ግን በእሱ ወይም በታጉ ነው። መለያ ያጣ ረድፍ እንደ አዲስ ዕቃ ይመዘገባል፤ 900 ወንበር የነበረው ቤት በአንድ ጠቅታ 1,800 ይሆንለታል።

ሲስተሞች ጠባያቸው ይለያያል። ስናይፕ-አይቲ የሚባለው ነፃ ሲስተም ለምሳሌ ሲኤስቪ ፋይል (ኮለሞቹ በኮማ የተለዩ ተራ ጽሑፍ) ስትጭኚ ነባሩን መረጃ ላድስ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ምልክት ማድረጊያ ሣጥን አለው። የእናንተው ምን እንደሚል ከመጫንሽ በፊት አንብቢ።

4. ሲኤስቪ ፋይልን ሁለቴ ጠቅ አድርገሽ እንዳትከፍቺ።

ኤክሴል የሚያየውን ሁሉ ካልተረጎምኩ የሚል ፕሮግራም ነው። አንድ ረድፍ ላሳይሽ። ታጉ 00417፣ ሲሪያሉ 4817ኢ12 (ኢ ስል የእንግሊዝኛዋን ፊደል ነው)፣ ባርኮዱ 13 አሃዝ የሆነ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ እንበል። ሁለቴ ጠቅ አድርገሽ ስትከፍቺው 00417 የነበረው 417 ሆኗል፤ ዜሮዎቹ ረገፉ። ሲሪያሉን «4817 በ12 ዜሮ ተከትሎ» ማለት ነው ብሎ 4.82ኢ+15 አድርጎታል። ባርኮዱንም እንዲሁ በአጭሩ ያሳይሻል። ይህን እያየሽ «ሴቭ» ካልሽ ሲኤስቪው ላይ የሚጻፈው የሚታየው ነው። ከዚያ በኋላ 4.82 ከሚለው ተነስቶ 4817ን የሚያገኝልሽ ሰው የለም፤ ኮምፒውተሩን ገልብጦ ከጀርባው ማንበብ ብቻ ነው መድኃኒቱ። የሲም ካርድ ቁጥር ደግሞ 19 ወይም 20 አሃዝ ነው። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም፤ ከ16ኛው ጀምሮ ያለውን ዜሮ ያደርገዋል።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ። የሰው ልጅ ጂኖችን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 የተወሰኑ ጂኖችን ስም ለመቀየር ተገዷል፤ «ማርች 1» እና «ሴፕት 1» የሚመስሉ ስሞች ስለነበሯቸው ኤክሴል ቀን እያደረገ የምርምር ሰንጠረዦችን አበላሽቶ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ፕሮግራሙን ማሸነፍ ሲያቅታቸው የጂኖቹን ስም ለወጡ። እኛ የሲሪያል ቁጥር መለወጥ ስለማንችል መንገዱን እንለውጣለን።

መንገዱ ይሄ ነው። ባዶ ኤክሴል ክፈቺ፤ «ዴታ» ከሚለው ገብተሽ ከጽሑፍ ወይም ከሲኤስቪ አምጣ የሚለውን ምረጪ፤ የመረጃውን ዓይነት ራሱ እንዳይገምት ከልክዪው፤ ኮለሞቹ በሙሉ «ቴክስት» ሆነው ይግቡ። ዋጋ መደመር ካስፈለገሽ የዋጋውን ኮለም ብቻ ቁጥር አድርጊው። ከተበላሸ በኋላ ኮለሙን ወደ ቴክስት መቀየር የጠፋውን አይመልስም።

5. ቀን።

እዚህ ላይ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። በእኛ አገር የንብረት ዝርዝር ውስጥ ከሁሉም የባሰው ጉድ ያለው ቀን ላይ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ሰነድ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይጻፋል፣ ኤክሴል ደግሞ ቀንን የሚያነበው በፈረንጁ ነው።

ሞዴል 19 ላይ 30/02/2010 የሚል ቀን አለ እንበል። ጥቅምት 30 ነው፣ ምንም ችግር የለበትም። ኤክሴል ግን ሁለተኛ ወር ሲባል ፌብሩወሪ ነው የሚያውቀው፤ ፌብሩወሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ስለዚህ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ከሱ ሥር ያለውን 12/02/2010 ግን ቀን ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ያውም እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ አንዱ ጋ ፌብሩወሪ 12፣ ሌላው ጋ ዲሴምበር 2 አድርጎ። ሁለቱም ውሸት ነው። በአንድ ኮለም ውስጥ ግማሹ ጽሑፍ ግማሹ ቀን ሆኖ ተቀምጧል፤ በዓይን ሲታይ ግን አንድ ዓይነት ነው። ለመለየት አንድ ዘዴ አለ፦ ማሰለፊያውን ካልነካሽው ጽሑፉ ወደ ግራ፣ ቀኑ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ይቆማል።

ጳጉሜን ደግሞ ራሷን የቻለች ወጥመድ ናት። 05/13/2009 ብለው ጳጉሜን 5 የገባን ዕቃ መዝግበዋል። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቀማመጥ ከሆነ ወሩን አስቀድሞ ስለሚያነብ ሜይ 13 ቀን 2009 አድርጎ በደስታ ይቀበላል። ትክክለኛው ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2017 ነበር። ዕቃው በመዝገብ ላይ ስምንት ዓመት ከአራት ወር አረጀ። አገልግሎት ዘመኑ አምስት ዓመት ቢሆን ሲስተሙ የእርጅና ቅናሹን አስልቶ ገና ካርቶኑ ያልተጣለውን ማሽን «ዋጋው አልቋል» ይልሻል። ሒሳብ ክፍልም ያንን ይዞ ይዘጋል።

ታዲያ ምን ላድርግ ትዪኛለሽ። የኢትዮጵያውን ቀን እንደ ሰነዱ ለብቻ ኮለም አድርገሽ በቴክስት ያዢው፤ ዓመቱን አስቀድመሽ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፦ 2010-02-30። እንዲህ ስትጽፊው ስትደረድሪውም በጊዜ ቅደም ተከተል ይቆማል። በራስጌው ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ጻፊ፤ «ቀን» ብቻ የሚል ራስጌ ለተከታይሽ ዕዳ ነው። ሲስተሙ የፈረንጁን ብቻ የሚቀበል ከሆነ በሌላ ኮለም ላይ ቀይሪው፤ ግን ዓመቱ ላይ 8 እየደመርሽ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ነው፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ 8። ወሩና ቀኑም አብረው ይዞራሉ፤ ሰኔ 30 ቀን 2010 የሚውለው ጁላይ 7 ቀን 2018 ነው። አስተማማኝ መቀየሪያ ተጠቀሚ፤ ሲጨርስም መልሱን የምታውቂያቸውን ጥቂት ቀኖች በእጅሽ ፈትኚ።

አንዳንዴ በቀን ኮለም ላይ 43108 የሚል ቁጥር ታገኛለሽ። ቆሻሻ መስሎሽ እንዳትሰርዢ። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው ከ1900 መጀመሪያ አንስቶ ቀን እየቆጠረ ነው፤ ያ ቁጥር ጃንዋሪ 8 ቀን 2018 ነው። (ቆጠራው ውስጥ ፌብሩወሪ 29 ቀን 1900 የሚባል በዓለም ላይ ያልነበረ ቀን አለ። ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የድሮ ፕሮግራም ጋር እንዲስማማ ተብሎ እያወቁ የተዉት ስህተት ነው። አንቺን አይነካሽም፤ ግን ፕሮግራሙን ከልክ በላይ እንዳታምኚው ብዬ ነው።)

6. ፊደላችን።

«የጽሕፈት ጠረጴዛ»፣ «የፅህፈት ጠረጴዛ»፣ «የጽህፈት ጠረጴዛ» ላንቺ አንድ ዕቃ ነው፤ ለሲስተሙ ሦስት። «ሕክምና ክፍል» እና «ህክምና ክፍል» ሁለት ክፍሎች ሆነው ይከፈታሉ፣ ንብረቱም ለሁለት ተከፍሎ ይቆጠራል። «አዲስ አበባ»፣ «አ.አ»፣ «አ/አ» እንዲሁ። ከቃሉ በኋላ የቀረች የማትታይ ባዶ ቦታ እንኳ ሌላ ስም ትፈጥራለች። መጀመሪያ የዕቃ ዓይነቶችንና የክፍሎችን ስም አንድ ጊዜ ወስነሽ በአንድ ሺት ላይ ጻፊ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ከዝርዝር እንዲመርጥ እንጂ እንዳይተይብ አድርጊ። የትኛው ሆሄ ትክክል ነው በሚለው ክርክር ጊዜ አታጥፊ፤ ያን ለቋንቋ ሊቃውንት ተዪው። አንዱን ይዘሽ ጽኚ። የሰው ስም ግን ከዚህ ውጭ ነው፦ ኃይሉን «ሀይሉ» ብለሽ እንዳታርሚ፤ በሠራተኛ መዝገቡ ላይ እንዳለው ነው የሚጻፈው።

ስታስቀምጪ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጪ። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጥሽ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ያም አይመለስም። ሌላም አለ፦ ሲኤስቪ ኮለም ከኮለም የሚለየው በፈረንጁ ኮማ ነው። በመግለጫ ውስጥ የእኛን ነጠላ ሰረዝ ብትጽፊ ምንም አይሆንም፣ አያውቃትም። የፈረንጁ ኮማ ግን በትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረ ረድፉን ሰንጥቆ ዋጋው ሲሪያል ውስጥ፣ ሲሪያሉ ስም ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል።

የድሮ ፋይል ሲሰጡሽ ደግሞ ፎንቱን ቀይረሽ እዪ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መሥሪያ ቤቶች የላቲን ፊደል ላይ የአማርኛ መልክ በሚያለብሱ ፎንቶች ይጽፉ ነበር። ፎንቱ ሲነሳ የሚቀረው የማይነበብ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው በመቀየሪያ ፕሮግራም ካልዞረ ወደ ሲስተም አይገባም።

7. ድርደራ፣ ፊልተርና ጉተታ።

ስትደረድሪ ሙሉውን ሰንጠረዥ ምረጪ። ኤክሴል «ምርጫውን ላስፋ?» ብሎ ሲጠይቅሽ መልሱ አዎ ነው፤ የጸሐፊዋን ፕሮጀክተሮች አስታውሺ። ፊልተር አድርገሽ ከሌላ ቦታ የቀዳሽውን ስትለጥፊ የተደበቁት ረድፎች ላይም ሊያርፍ ይችላል፤ ስለዚህ ፊልተሩን ፍቺና ተመልከቺ። «ክፍል 12» የሚለውን ጥጉን ይዘሽ ወደ ታች ስትጎትቺ ደግሞ ክፍል 13፣ ክፍል 14 እያለ ይሄድልሻል። አርባ ወንበር አርባ ክፍል ውስጥ ተበተነ ማለት ነው።

8. ባዶ ሴል ሲስተሙ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቂ። አንዳንዱ «አትንካው» ብሎ ይረዳዋል፤ አንዳንዱ «አጥፋው»።

9. የጎደለ ዕቃን በኤክሴል አትቅበሪ።

ይህ ይመጣብሻል። በሰኔ መጨረሻ የቆጠራ ኮሚቴው ዞሮ ሲያበቃ መዝገብ ላይ ያሉ፣ በአካል ግን ያልተገኙ ዕቃዎች ይኖራሉ። አንዱ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ ለማንኛውም እየጫንሽ አይደል፣ እነዚህን ረድፎች አውጪያቸው» ይልሻል። ወይም ረቀቅ ያለው «ሁኔታ» በሚለው ኮለም ላይ «የተወገደ» ብለሽ እንድታልፊ ይጠይቅሻል። ሰውየው ሌባ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሪፖርቱ አልዘጋ ብሎት የተቸገረ ሰው ነው። ቢሆንም ጉድለት በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፣ የሚወገድ ንብረት በአስወጋጅ ኮሚቴ ተወስኖ ይወገዳል፤ አንቺ ውሳኔውን ትጽፊያለሽ እንጂ አትወስኚም። «ያልተገኘ» የሚል ሁኔታ ሲስተሙ ላይ ከሌለ እንዲጨመር ጠይቂ። በአክብሮት «ደብዳቤውን አምጡልኝና ዛሬውኑ እሠራዋለሁ» በያቸው። አብዛኛው ሰው ደብዳቤ ሲባል ነገሩን ይተወዋል።

ትርፍም እንዲሁ ነው። ክፍል ውስጥ ያለ ግን መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ ስታገኚ ዝም ብለሽ ረድፍ አትጨምሪ፤ ከእርዳታ ይሁን ከሌላ መሥሪያ ቤት በውሰት የመጣ እስኪታወቅ በሌላ ሺት ይቆይ።

10. በጥቂቱ ጫኚ።

ሕንፃዎቹና ክፍሎቹ ሲስተሙ ላይ ቀድመው ይግቡ፣ ከዚያ ሠራተኞቹ፣ ዕቃዎቹ በመጨረሻ። ዕቃው የሚቀመጥበት ክፍል ሲስተሙ ላይ ከሌለ ወይ አይቀበልሽም ወይ በራሱ ይፈጥራል፤ ሁለተኛው ይብሳል። ሙከራ ስታደርጊ ቀላሎቹን አትምረጪ። ዜሮ የሚቀድመው ታግ፣ የጳጉሜን ቀን፣ ኮማ ያለበት መግለጫ፣ «ኃ» ያለበት ስም፣ ባዶ ሴል ያለበት ረድፍ ሰብስበሽ እነሱን አስቀድመሽ ጫኚ። እነሱ በሰላም ከገቡ ሌላው ይገባል። ሙከራው ከሥራው ሲስተም ተለይቶ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው፤ ካልሆነም ቢያንስ የአይቲ ክፍል ባክአፕ እንዲወስድ ሳታደርጊ አትጀምሪ። በቃል ሳይሆን በኢሜይል ጠይቂ።

11. «ተሳክቷል» የሚለውን መልእክት አታምኚ።

እ.ኤ.አ. በ2020 መኸር ላይ እንግሊዝ ውስጥ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ተጠቂዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ሆነው ለቀናት ቆዩ። ከላቦራቶሪ የሚመጣውን ሲኤስቪ በድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር የሚያስገቡት፤ ያ ፋይል በአንድ ሺት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። የተረፈው ወጣ። ለቀናትም ማንም ልብ አላለውም። አዲሱ የፋይል ዓይነት 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ የእናንተ ንብረት ያን አይሞላም፤ ችግሩ ግን ገደቡ ብቻ አልነበረም፣ የገባውን ከወጣው ጋር የሚያመሳክር ሰው አለመኖሩ ነበር።

ስለዚህ ከመጫንሽ በፊት ሦስት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ፦ የረድፉ ብዛት፣ የዋጋው ድምር፣ በየክፍሉ ያለው የዕቃ ብዛት። ከጫንሽ በኋላ እንደገና ኤክስፖርት አድርጊና ሦስቱን አስተያዪ። የድምሩ ልዩነት አንድ ብርም ቢሆን ፈልጊው። ሲስተሙ ያልተቀበላቸውን ረድፎች የሚዘረዝር ፋይል ከሰጠሽ እያንዳንዱን አንብቢ፤ «ሦስት ብቻ ናቸው» ተብሎ አይታለፍም፣ ከሦስቱ አንዱ ጄኔሬተር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የወጣውን፣ የታረመውን፣ ያልተቀበለውን ዝርዝርና ከጭነት በኋላ የወጣውን አራቱን በአንድ ፎልደር፣ ከቃለ ጉባኤው ጋር አስቀምጪ። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቅሽ እነሱን ነው።

12. ከዚያ ተነሺና ሂጂ።

ሃያ ረድፍ ያህል ከየክፍሉ በዘፈቀደ ምረጪ፤ አትመሽ ይዘሽ ዕቃው ካለበት ድረስ ውረጂ። ታጉን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ፣ ሲሪያሉን ከጀርባው አንብቢ፣ የሚጠቀምበትን ሰው ስሙን ጠይቂ። በተቃራኒውም አድርጊ፤ ክፍል ውስጥ ካየሽው ዕቃ ተነስተሽ ሲስተሙ ላይ ፈልጊው። ጠዋት ላይ ከግምጃ ቤት ጀምሪ፤ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን የያዘውን ሰው አታገኚውም።